ኩዋይ ፎንግና የበረዶ ሻጩ ወንበር

እዚህ ሆንግ ኮንግ፣ ቼንግ ቻው ደሴት ላይ ኩዋይ ፎንግን የማያውቅ ሰው የለም። ካለም ገና ከመርከቡ አልወረደም ማለት ነው። ይውረድና ትንሽ ይራመድ፤ መጀመሪያ ሽታዋ ይቀበለዋል፣ ቀጥሎ ድምፅዋ። የሽሪምፕ ድልህ ነው የምትሠራው። ሽሪምፑን በጨው ትፈጭና በትልልቅ ሰፌድ ዘርግታ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች። ደሴቱ በሙሉ ቀን ቀን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ ማታ ግን ያለሷ ድልህ ጎመኑን አይቀምስም። እኔ በሷና በእህቷ ቤት መሃል ባለችው ጠባብ መንገድ በርጩማዬን አውጥቼ ሽሪምፕ ስልጥ ነው የኖርኩት። ከዛች በርጩማ ላይ የማይታይ ነገር የለም። ያላየሁትን እሰማለሁ፣ ያልሰማሁትን እገምታለሁ፣ ግምቴም ብዙ አይስትም።

እህቷ ሚዩ ላን ትባላለች፣ ታናሿ ናት። ሁለቱም የተወለዱት እናታቸው ጀልባ ላይ ነው፣ የበሉትም ከአንድ ሳህን ነው። ሳህኑ ነው እንግዲህ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ። ኩዋይ ፎንግ የእህቷን ድርሻ ሳታይ የራሷን ጎርሳ አታውቅም።

"የሷ የዓሣ ራስ ይበልጣል!" ትላለች። እናትየዋ ራሱን ቆርጣ ትሰጣታለች።

"አሁን ደሞ የሷ ጅራት ይበልጣል!"

እናትየዋ በመብያው እንጨት አናቷን ኳ ታደርጋታለች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ዓይኗ ነው እንጂ፤ ዓይኗ የራሷን ሳህን ማየት አልለመደም።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ አጋቢዋ ሴትዮ ሁንግ የሚባል ልጅ ይዛ መጣች። ያኔ በረዶ በጋሪ እየገፋ ለዓሣ ጀልባዎች የሚያድል ቀጭን ልጅ ነበር። የመጣው ለታላቂቱ ነው። ለታላቂቱ፣ ይሄን ያዙልኝ። ኩዋይ ፎንግ ቀይ ሸሚዟን ለብሳ ሻይ ይዛ ብቅ ስትል ልጁ አነጠሰ። ድልሁ ነው። አሁንም አነጠሰ። ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሲያነጥስ ሚዩ ላን መሀረብ ይዛ ገባች። አለቀ! ኩዋይ ፎንግ እስከ ዛሬ "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት" ትላለች። ትበል። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

እሷ በኋላ ሎይን አገባች። ሎይ ጀልባ ጠጋኝ ነው፤ ደግ፣ ሠራተኛ፣ ለማንም የማይከብድ ሰው። ቃል ግን ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። "ደህና አደርክ ሎይ?" ትለዋለህ፣ ምሳ ሲደርስ "ደህና" ይልሃል።

የሁንግ ጋሪ ግን ፋብሪካ ሆነ። በረዶ የፈለገ ጀልባ ሁሉ ከሱ ደጅ ይሰለፍ ጀመር። ፋብሪካ ያለው ሰው ሆድ ያወጣል፤ ያኔ የሚገዙን እንግሊዞች ደግሞ ሆድ ያወጣ ሰው ደስ ይላቸዋል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ብድግ ብለው የወረዳ ምክር ቤት አባል አድርገው ሾሙት። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልተጠየቀም። ተሾምክ ተባለ፣ እሱም ከረባት ገዛ።

ከዚያ ወዲያ የሚዩ ላን አንገት ረዘመ። ባልና ሚስቱ ላባ ባርኔጣ ካደረገ ረጅም ፈረንጅ ጋር የተነሱት ፎቶ በረዶ ፋብሪካው በር ላይ ተሰቀለ፤ በረዶ ልትገዛ ብትሄድ ፎቶውን ሳትሳለም አትገባም። ግብዣ በተደረገ ቁጥር ሚዩ ላን ላይኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ትቀመጣለች። ታላቅ እህቷ ደግሞ ኩሽናው በር አጠገብ፤ አስተናጋጁ ሲያልፍ ሾርባ የሚያንጠባጥብበት ቦታ። እኔም እዚያው ነኝ፣ ግን እኔ እዚያ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ምግቡ ቀድሞ የሚወጣው በኛ በኩል ነው። ኩዋይ ፎንግ ግን አትበላም። ላይኛውን ጠረጴዛ ታያለች።

"ተመልከቻት" ትለኛለች፣ "ዳክዬውን እንዴት እንደምትይዝ። በሁለት ጣት! ጀልባ ላይ በአሥር ጣቷ ስትቦጭቅ ያላየኋት ይመስል።"

"ብይ አንቺ፣ ይቀዘቅዛል" እላታለሁ።

"ለሷ ከጭኑ ነው የተቆረጠላት። ለኛ አንገቱን!"

እንዲህ ስትቃጠል ኖረች። እንግዲህ እንግሊዞቹ ሆንግ ኮንግን ለቻይና ሊያስረክቡ አራት አምስት ዓመት ሲቀራቸው አዲስ አገረ ገዥ ላኩ። እሱም መጣና፣ ሹመት ይቅር፣ የወረዳ ምክር ቤት ወንበር ሁሉ በምርጫ ይሁን፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ ይምረጥ አለ። መቶ ምናምን ዓመት ሲሾሙ ኖረው፣ ሊሄዱ ሻንጣ ሲያስሩ ምርጫ ትዝ አላቸው! ቤጂንግም ተቆጣች። ቤቱን ልታስረክበኝ ነው፣ ሳትነግረኝ ምኑን ነው የምታፈርሰው አለች። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ቤጂንግ ላይ ለድርድር ተቀመጡ። ከተስማሙ ሹመቱ ላይቀር ይችላል፣ ሁንግ ወንበሩ ላይ ይቆያል ተባለ። ካልተስማሙ ሁንግ እንደማንም ሰው ወጥቶ ድምፅ ይለምናል።

ይህን ስትሰማ ኩዋይ ፎንግ ሰፌዱን ጣሪያ ላይ ጥላ ወረደች። "እትዬ ሆ" አለችኝ እያለከለከች፣ "እውነት ነው? ሊነሳ ነው?"

"ካልተስማሙ ነው።"

"አይስማሙም" አለች። "እኔ አውቃለሁ፣ አይስማሙም።"

በዕድሜዋ ዜና አይታ የማታውቅ ሴት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መርከብ ማቆሚያው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ዜና ሲጀምር ወንበር ይዛ ትጠብቃለች። ዙር ላይ ዙር ተደራደሩ። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሎቹ ይገባሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ "ውይይቱ ጠቃሚ ነበር" ይባላል። ሻይ ቤት ያለው ሰው ይሄን ሰምቶ ምን ማለት ነው እያለ ይጨቃጨቃል። ኩዋይ ፎንግ ግን ቃሉን አትሰማም፣ እጃቸውን ነው የምታየው።

"አያችሁ? ያ ፈረንጁ እጁን ቶሎ ሳበ። አልተስማሙም!" ትላለች። በሌላው ዙር ደግሞ፣ "ቻይናዊው ሻዩን አልነካም። ሻይ ያልነካ ሰው ምን ስምምነት አለው? እሰይ!"

ሻይ ቤቱ ውስጥ እንግሊዞቹን የሚደግፉት "ይቺ ሴትዮ የኛ ናት፣ ለምርጫ ነው የምትጮኸው" ይላሉ። ቤጂንግን የሚደግፉት ደግሞ "የኛ ናት፣ ለፈረንጅ አትንበርከኩ ማለቷ ነው" ይላሉ። ሁለቱም ሻይ ይጋብዟታል። እሷም ከሁለቱም ትጠጣለች። ሰው ሁሉ ርክክቡ ሲመጣ ምን ይውጠኛል ብሎ ይጨነቃል፣ ግማሹ ልጁን ካናዳ ይልካል፤ እሷ የምታስበው ግን አንድ ወንበርና አንድ መቀመጫ ብቻ ነው።

ሚዩ ላንም አልተኛችም። አንድ ቀን ጠዋት የተጠበሰ ዳክዬ ይዛ ወደ ፓክ ታይ ቤተ መቅደስ ወጣች፤ ደሴቱን የሚጠብቅልን እሱ ነው። ኩዋይ ፎንግም ያን ቀን ብርቱካን ይዛ ወጥታለች። እኔም እንዲሁ እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ሁለቱ እጣኑ ፊት ተገናኙ።

"ምን ልትለምኚ መጣሽ እትዬ?" አለች ሚዩ ላን።

"አንቺስ?"

"እንዲስማሙ ነዋ። ለአገር ሰላም።"

"እኔ ደሞ እንዳይስማሙ።"

የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ሳቁን በሳል ደበቀ። ሚዩ ላን ፊቷ ቀላ። "የባሌ ወንበር ምን አደረገሽ?"

"ወንበሩማ ምን ያደርገኛል? ወንበር እንጨት ነው። የተቀመጠበት ነው እንጂ!"

"የተቀመጠበት ሰው ደሴቱ ላይ መንገድ አሠርቷል፣ መብራት አስተክሏል።"

"በበሩ ፊት ነዋ መብራቱ የተተከለው! የኔ በር ጨለማ ነው።"

"ሎይስ?" አለች ሚዩ ላን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የኔን ተይውና፣ የአንቺን ማን ይሾመዋል? 'አቤት' ለማለት እንኳ ቀጠሮ የሚፈልግ ሰው።"

ኩዋይ ፎንግ ብርቱካኗን አንድ በአንድ ሰብስባ ወረደች። ለፓክ ታይ እንኳ አልተወችለትም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

ነገር ግን ሁለት እህቶች ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት እየኖሩ ሳይነጋገሩ ይኖራሉ? አይኖሩም። በኔ በኩል ተነጋገሩ። ሚዩ ላን በርጩማዬ ጋ ትመጣለች፤ "ያቺን ሴትዮ ሰፌዷን ወደዚያ ታዙርልኝ በያት፣ እንግዳ ሊመጣብን ነው።" እሄዳለሁ። "ኩዋይ ፎንግ፣ እህትሽ ሽታሽ የመንግሥት ሰው ያባርራል ብላለች።" ኩዋይ ፎንግ ደሞ፣ "ሽታዬን ካልወደደች መስኮቷን ትዝጋ በያት።" እሄዳለሁ። "ሚዩ ላን፣ እህትሽ አፍንጫሽን ዝጊ ብላለች።" መልእክት እንዲያው ደረቁን ሲያቀርቡት አይጥምም፤ ጨው በርበሬ ያስፈልገዋል። ቤጂንግ ላይ ያሉት ሽማግሎችም እንዲሁ ሳያደርጉ አይቀሩም።

የፈረንጆቹ ዓመት ከማለቁ በፊት ቴሌቪዥኑ ድርድሩ ፈረሰ አለ። በቃ፣ የሚጨባበጥ የለም። ሽማግሌው ባለ ሻይ ቤት "እንግዲህ ሲረከቡን ምን ያደርጉን ይሆን" አለና ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ኩዋይ ፎንግ ብቻ እጇን አጨበጨበች። ጎመን ሻጭዋን የዪውን እናት ሮጣ አቅፋ ሳመቻት። የዪው እናት መርከብ ማቆሚያው ላይ ሁልጊዜ የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት፤ ልጇ ዪው አስተማሪ ናት። "ምን አገኘሽ?" አለቻት የዪው እናት ግራ ገብቷት።

"አጣች! እህቴ አጣች!"

ሕጉም ወጣ፣ ሹመቱም ቀረ፣ ሁንግ ምርጫ ሊወርድ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጠግብ ነበር። ኩዋይ ፎንግ ግን ሁንግ ተመርጦ ቢመለስስ ብላ አሰበች። እንቅልፍ አጣች። ከዚያ ሎይ ጀልባ ሥር ተጋድሞ ስንጥቅ ሲደፍን ሄዳ እግሩን ጎተተችው።

"ሎይ፣ ትወዳደራለህ።"

"ቀዘፋ ነው?" አለ ሎይ ከጀልባው ሥር።

"ምርጫ! ከሁንግ ጋር!"

ብዙ ቆየ። "ምን ብዬ?" አለ በመጨረሻ።

"ምንም አትበል። ያንተ ጥሩ ነገር እሱ ነው። ሁንግ ሲለፈልፍ አንተ ዝም ትላለህ፣ ሰው ትልቅ ሰው ነው ይልሃል።"

ምስኪን ሎይ። እምቢ ማለት ረጅም ንግግር ስለሚጠይቅ እሺ አለ።

አሁን የሷን ዘዴ ስሙ። በየዓመቱ፣ የዳቦ ግንብ አቁመን ለፓክ ታይ በምናከብረው በዳቦው በዓል ፊት፣ የበዓሉን አለቃ ፓክ ታይ ራሱ ነው የሚመርጥልን። የጨረቃ ቁራጭ የመሰሉ ሁለት እንጨቶች አሉ፣ በአንድ በኩል ለጥ ያሉ፣ በሌላው ያበጡ። እጩው ተንበርክኮ ይወረውራቸዋል። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ከወደቀ አዎ ብሏል፣ ደግመህ ወርውር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከወደቁ ተነስ፣ ሂድ። ብዙ አዎ ያገኘ የዓመቱ አለቃ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ክብር ደሴቱ ላይ የለም። ሁንግ በየዓመቱ ይወረውራል፣ በየዓመቱ በመጀመሪያው ይነሳል። ጉልበቱ መሬት ሳይነካ ይነሳል ማለት ይቻላል።

ኩዋይ ፎንግ "ሎይም ይወርውር" አለች። አለቃ ሊሆን አይደለም። ደሴቱ ሁሉ ተሰብስቦ ፊቱን እንዲያይለት ነው፤ አንዴ ሁለቴ አዎ ይባልና ይነሳል፣ ሰውም ለምርጫው ስሙን ይይዛል ብላ ነው። ሁንግ እንደ ልማዱ ወረወረ፣ ሁለቱም በሆዳቸው ወደቁ፣ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። ሎይ ተንበረከከ።

አዎ። ደገመ፣ አዎ። ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። አዎ። ኩዋይ ፎንግ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገባ። አዎ። ከዚያ በፊት የወረወሩትን ሁሉ አለፈ። ሎይ ራሱ ደንግጦ እንጨቶቹን እንደ ትኩስ ድንች ነው የሚይዛቸው። አሁንም አዎ! ፓክ ታይ ሰውዬውን ሊለቀው አልፈለገም። በመጨረሻ ሲቆም ከበሮው ተመታ፣ የቤተ መቅደሱ ሽማግሎች ሎይን አነሱት፣ ቀይ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣሉበት።

ኩዋይ ፎንግ እህቷን ፈለገች በዓይኗ። ሚዩ ላን ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። እኔ ብዙ ሰው ሲቀና አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ጥሩ አድርጎ የቀና ፊት አላየሁም። የላባ ባርኔጣ ያለው ፎቶ፣ ላይኛው ጠረጴዛ፣ ከረባቱ፣ ሁሉም ከፊቷ ላይ ወረደ። ባሏ ስንት ዓመት የለመነውን፣ ያ "አቤት" ለማለት ቀጠሮ የሚፈልገው ወሰደው። ኩዋይ ፎንግ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ደስታዋ ቤት እስኪደርሱ ነው የቆየው።

"እንግዲህ ለምርጫው ፎቶ እንነሳ፣ በቀዩ ጨርቅ" አለችው።

ሎይ ጨርቁን እያጠፈ ነበር። "አልወዳደርም" አለ።

"ምን?"

"ፓክ ታይ ነው የመረጠኝ። ፓክ ታይ የመረጠው ሰው በየበሩ እየዞረ ምረጡኝ ብሎ ይለምናል?" በዕድሜው የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። ጨምሮም፣ "ነውር ነው" አለ።

ወደ ሽማግሎቹ ሮጠች። ሽማግሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነቱን ነው፣ አለቃ ዓመቱን ሙሉ የሁሉም ነው፣ ወገን አይዝም አሉ። ገመዱን ራሷ ፈትላ ራሷ ታሰረች። በዚያ ላይ የአለቃ ቤት እስከ በዓሉ ከዓሣ ሽታ ንጹሕ መሆን አለበት ተባለ። ድልሁ ተነሳ፣ ሰፌዱ ታጠበ፣ ጣሪያው በሳሙና ተፈገፈገ። መንገዳችን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸተተም። አፍንጫዬ ግራ ገብቶት ነበር፤ ሌላ ደሴት ላይ የነቃሁ እየመሰለኝ።

ታዲያ የሁንግ ነገር አልቀረም። ሚዩ ላን በርጩማዬ ጋ መጣች፣ አሁን አንገቷ አጠር ብሏል።

"እትዬ ሆ፣ እባክሽ ሂጂልኝ። ሎይ ካልተወዳደረ፣ በግብዣው ላይ የሁንግን እጅ ይዞ አንድ ቃል ይበልለት። 'ዋርሳዬ ነው' ይበል፣ ይበቃል። ደሴቱ ሁሉ ይመርጠዋል።"

ሄድኩ። ኩዋይ ፎንግ ሽታ የሌለው ጣሪያዋ ላይ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች።

"በምላሹ ምን ትሰጠኛለች?" አለች።

"ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ያን ፎቶ ታውርድ።"

ተመለስኩ። ሚዩ ላን አሰበች። "ከበር ላይ አውርጄ ጓዳ አስገባዋለሁ።"

"ጓዳ አይሆንም፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ይዙር" አለች ኩዋይ ፎንግ።

"ግማሹ ይዙር።"

"ፎቶ ግማሹ እንዴት ይዞራል?"

እንዲህ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ዙሩ ሁሉ ጠቃሚ ነበር። ቀስ በቀስ ተቀራረቡ፣ እመኑኝ፣ ፎቶው ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ሊገባ፣ ሎይም እጅ ሊይዝ ተስማምተው ነበር። የቀረው የግብዣው መቀመጫ ብቻ ነው።

"ሚዩ ላን ላይኛው ጠረጴዛ፣ እንደ ልማዷ" አልኳት ኩዋይ ፎንግን።

"እሷ ነች እንደ ልማዴ ያለችው?"

"እ... እንደሱ መሰለኝ።"

ኩዋይ ፎንግ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ሁሉ ዓመት የወረደባትን ሾርባ ስትቆጥር አየኋት። "ነገር አለቀ በያት" አለች። "ትምጣ፣ ቦታ አለኝ።"

በዓሉ መጣ፣ ሦስቱን ቀን ደሴቱ በሙሉ ጾመ፣ ሥጋ ሻጩም ዓሣ ሻጩም ዘጋ። የዳቦው ግንቦች ቆሙ፣ ሎይ ቀዩን ጨርቅ ለብሶ ከፓክ ታይ ምስል ፊት ፊት ሄደ። ፍስክ ሲገባ ግብዣው ተጣለ። ኩዋይ ፎንግ ላይኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሁንግና ሚዩ ላን ቦታቸውን ሲጠይቁ አስተናጋጁ ወደ ኩሽናው በር መራቸው፣ እኔ አጠገብ። ሁንግ በአዲሱ ኮቱ ተቀመጠ፣ ወዲያው ሾርባ ተንጠባጠበበት።

ሚዩ ላን የሰጧትን አልነካችም። ላይኛውን ጠረጴዛ ነው የምታየው።

"ጭኑን ነው የቆረጡላት" አለችኝ። "ለኛ አንገቱን!"

"ብይ አንቺ፣ ይቀዘቅዛል" አልኳት።

ኩዋይ ፎንግስ ጠገበች መሰላችሁ? የዳክዬው ጭን ፊቷ ተቀምጦ፣ እሷ አንገቷን አስግጋ የኩሽናውን በር ታያለች። እህቷ ምን እየበላች እንደሆነ ለማየት። ሎይም እጅ አልያዘም፣ ቃል አልተናገረም። ሁንግ ፍራፍሬው ሳይመጣ ሚስቱን ይዞ ወጣ።

እንግዲህ እነሱ ጠረጴዛ ሲሻሙ፣ ያቺ አስተማሪ፣ ዪው፣ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ለካ እሷም ለወንበሩ ስሟን አስመዝግባለች። ሰው ሁሉ ሳቀባት። ሁንግ "ጎመን ይሻላታል" አለ። እሷ ግን በየሰገነቱ ወጣች፣ በየጀልባው ገባች። ያስተማረቻቸው ልጆች አሁን አሥራ ስምንት ሞልቷቸዋል፣ በአዲሱ ሕግ ይመርጣሉ፤ አያቶቻቸውን በክንድ እየያዙ ወደ ምርጫው ወሰዱ። እኔንም አንዷ ይዛኛለች። ማንን እንደመረጥኩ አልናገርም፤ ከቴሌቪዥኑ ሽማግሎች ይሄን ይሄን ተምሬያለሁ።

ዪው አሸነፈች። የበረዶ ሻጩ ወንበር ወደ ጎመን ሻጭዋ ልጅ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ መርከብ ማቆሚያው ላይ ወጣ፣ ዪው ቆማ እጅ ትጨብጣለች፣ ታመሰግናለች። እናቷ አጠገቧ ናት። የዛን ቀን የፕላስቲክ ጫማ የለም፤ ባለ ተረከዝ ነጭ ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አንገቷን እንደዚህ ቀና አድርጋ ቆማለች። የበረዶ ፋብሪካው ሠራተኞች ሳይቀሩ "እንኳን ደስ አለሽ የዪው እናት" ይሏታል።

ሚዩ ላን አጥሩን ተደግፋ ቆማ ታያለች። ኩዋይ ፎንግ ከወዲያ በኩል መጣች። ድልሁን እንደገና ጀምራለች፣ ሽታው ቀደማት። ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ከዚያ ጠጋ አለች። ከዚያ ሌላም ጠጋ አለች፣ ክርናቸው ተነካካ።

እኔ በርጩማዬን ይዤ ተነሳሁ። መልእክት የሚያደርስ ያስፈልጋቸዋላ።

"ጫማዋን አየሽው?" አለች ኩዋይ ፎንግ። ለኔ አይደለም። ለእህቷ ነው!

ሚዩ ላን ዞር እንኳ አላለችም። "ተውሶ ነው እትዬ" አለች። "ጠቧታል፣ አቋቋሟን ተመልከች።"

"ትናንት ጎመን ስትመዝን አልነበረም እንዴ? ዛሬ እጇን እንዴት እንደምትሰጥ፣ በሁለት ጣት!"

"ደሞ ላይኛው ጠረጴዛ ሊያስቀምጧት ነው።"

"ጭኑን ቆርጠው ሊያበሏት!"

"አንቺን አንገቱን።"

"ሁለታችንንም አንገቱን" አለች ኩዋይ ፎንግና የእህቷን እጅ ያዘች። እንደዚያ ተያይዘው፣ ክንድ ለክንድ፣ ጎመን ሻጭዋን እያዩ በደስታ ሲቃጠሉ አየኋቸው። ከሳህኑ ጊዜ ጀምሮ አንድ ላይ ሆነው አንድ ሰው ላይ ሲቀኑ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

አጠገባቸው ቆምኩ፣ ሳልኩ። "ኩዋይ ፎንግ" አልኩ፣ "ለሚዩ ላን የምነግርልሽ አለ?"

"እዚሁ አለች አይደል እንዴ!" አለችኝና መልሳ ወደ እህቷ ዞረች።

ያን ሁሉ ዙር የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን የጨረስኩት እኔ። አሁን ሁለቱ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ይሳሳቃሉ፣ እኔ እንደ ቤጂንግ ሽማግሎች የተዘጋ በር ፊት ቀረሁ። እውነቴን ነው፣ እኔም ቀናሁ።

ምን ላድርግ? በርጩማዬን አንስቼ ወደ ዪው እናት ሄድኩ። "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት፣ ክንዷን ያዝ አደረግኩና። "እነዚያ ሁለቱ ስለ ጫማሽ ምን እንዳሉ ልንገርሽ?"